ጁሊ ምህረቱ፡- ‹‹የእኛ ናት›› ለማለት ምን ያስፈልጋል?

ጁሊ ምህረቱ የሚለውን ስም የሰማ ኢትዮጵያዊ ምህረቱን የአባቷ ስም አድርጎ መውሰዱ አይቀርም፡፡ ምህረቱ ግን አያቷ ናቸው፤ አባቷ ፕሮፌሰር አሰፋ ምህረቱ ይባላሉ፡፡ በአገራችን ልማድ ቢሆን ኖሮ ‹‹ጁሊ አሰፋ›› ብለን በጠራናት ነበር፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል፡፡ ድንጋጌው ግን ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ፤ ሕዝቡ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፡፡ እዚህ ያልሠራው ሕግ አሜሪካ ለገባ ቤተሰብ ሠራበት፡፡ እናም አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ የአያቷን ስም ይዛ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ታየች፡፡

ይህ ጽሑፍ የዚህችን የረቂቅ ሥዕል ባለሙያ ሕይወትና ሥራ ባጭሩ ለማስተዋወቅ የቀረበ ነው፡፡ ከዚሁ ጋር አንድ ጥያቄ ያነሣል፡፡ ሥራዋ በሚሊዮን ዶላሮች በተሸጠ ቁጥር ‹‹ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ›› እያልን ደስ ይለናል፡፡ ደስታው ክፋት የለውም፡፡ በሕግ ዓይን ግን ‹‹ይገባኛል›› ያለ ሰው ማስረጃውን ይጠየቃል፡፡ የእኛ ማስረጃ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሚሺጋን

ጁሊ የተወለደችው በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1970) አዲስ አበባ ውስጥ ነው፡፡ አባቷ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ እናቷ በሞንቴሶሪ የማስተማር ዘዴ የሠለጠኑ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው፡፡ ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበረች፡፡ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ከአባትና ከእናት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበርና፣ በተወለደችበት ቀን ሕጉ ኢትዮጵያዊት ብሎ ቆጥሯታል፡፡

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቤተሰቡ ከአገር ወጣ፡፡ ዘመኑን የሚያስታውስ አንባቢ ምክንያቱ ይነገረኝ አይልም፡፡ ተማሪ ማስተማር፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ከጓደኛ ጋር ቆሞ ማውራት ሳይቀር የሚያስጠረጥርበት፣ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሬሳ የሚነሣበት የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር፡፡ አባቷ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ ቤተሰቡም በዩኒቨርሲቲው ከተማ በኢስት ላንሲንግ ኑሮውን መሠረተ፡፡ የጂኦግራፊ መምህር ልጅ ኋላ ላይ የከተማ ካርታን የሥዕሏ መሠረት ማድረጓን ልብ ይሏል፡፡

የመጀመሪያ ዲግሪዋን እ.ኤ.አ. በ1992 ከካላማዙ ኮሌጅ አገኘች፡፡ ከዚያ አስቀድሞ አንድ የትምህርት ዘመን ሴኔጋል፣ ዳካር በሚገኘው ሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ አሳልፋለች፡፡ በልጅነቷ ወደተለየቻት አህጉር የተመለሰችው በዚህ መንገድ ነው፡፡ የማስተርስ ዲግሪዋን እ.ኤ.አ. በ1997 ከሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ተቀበለች፡፡ ቀጥሎ በቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ ለወጣት ሠዓሊያን በተዘጋጀ መርሐ ግብር ሁለት ዓመት ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ ገባች፡፡

ሥዕሉ እንዴት ይሠራል?

በጁሊ ሥዕሎች ውስጥ የሰው ፊት፣ ተራራ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ፈልጎ የሚቆም ተመልካች የሚፈልገውን አያገኝም፡፡ የሚያየው በሺሕ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮችን፣ የቀለም ቅርጾችን፣ እንደ ንብ መንጋ የሚተራመሱ ጥቃቅን ምልክቶችን ነው፡፡ ‹‹ይሄ ምኑ ሥዕል ነው?›› የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፡፡

አሠራሩን ማወቅ ይረዳል፡፡ በታዋቂነቷ መጀመሪያ ዘመን በሠራቻቸው ሥዕሎች ሸራው ላይ የሕንፃ ፕላን፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የስታዲየም ወይም የከተማ ካርታ በቀጭን የቀለም እስክሪብቶ ይነደፋል፡፡ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ የአክሪሊክ ንጣፍ ይለበጣል፡፡ ሲደርቅ እስኪልግ ድረስ ይሞረድና ሌላ ንድፍ ይነደፍበታል፤ እንደገና ይለበጣል፣ እንደገና ይሞረዳል፡፡ በዚህ መንገድ የተደራረበው ሥዕል ውስጥ ከታች ያለው ንድፍ አይጠፋም፤ እንደ ጥርት ያለ ውኃ ወለል ሆኖ ይታያል፡፡ በሁሉም ላይ የእጇ ጭረቶች ይወርዳሉ፡፡ ሕንፃዎቹ የሥልጣንንና የሥርዓትን ዕቅድ ሲያሳዩ፣ ጥቃቅኖቹ ምልክቶች በዚያ ዕቅድ ውስጥ የሚኖረውን፣ የሚሰደደውን፣ የሚያምፀውን ሕዝብ ይመስላሉ፡፡

የብራና አዘገጃጀት ያየ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፡፡ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰመራል፤ ብዕር የሚያርፍበት ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ምስል የሌለበትን ሥዕል የማየት ልምዱም የፈረንጅ ብቻ አይደለም፡፡ የግሼዋ ራቤል ገበያ ወጥቶ፣ ሴቶች የፈተሉትን የበግ ፀጉር ወንዶች የሸመኑትን ዝተት ወይም ባና የሚገዛ የመንዝ ገበሬ ‹‹ይሄ መስመር የምን ምስል ነው?›› ብሎ ሸማኔውን አይጠይቅም፡፡ የቀለሙን አገጣጠም፣ የመስመሩን አካሄድ፣ የእጁን ጥራት አይቶ ይወዳል ወይም ይተዋል፡፡ በየመጽሐፉ ራስጌ የሚሳለውን ሐረግም ‹‹ምን ይመስላል?›› ብለን ሳይሆን ‹‹እንዴት ተጎነጎነ?›› ብለን ነው የምናየው፡፡ ረቂቅ ሥዕል የሚጠይቀን ይህንኑ ዓይን ነው፡፡

ዘመናዊው የአገራችን ሥዕልም ይህን መንገድ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፡፡ ሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሎቹን በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳይቷል፡፡ እስክንድር ቦጎሲያን የክታብና የጠልሰም ቅርጾችን ወደ ዘመናዊ ሸራ አምጥቷል፡፡ ከሴቶች እነ ደስታ ሐጎስ በብቸኝነት ዐውደ ርዕይ በማቅረብ ቀዳሚ ሆነዋል፡፡ ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ አረፈ፡፡ እስክንድርም ሕይወቱ ያለፈው እዚያው አሜሪካ ነው፡፡ የስደቱ ታሪክ ከጁሊ በፊት ይጀምራል፡፡

ስሟን የተከሉ ሥራዎች

እ.ኤ.አ. በ2003 ሚኒያፖሊስ የሚገኘው ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀላት፡፡ በዚያው ዓመት የሠራችው ኢስታንቡልን የሚመለከት ግዙፍ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፡፡ በ2004 ‹‹ስታዲያ›› የተሰኙትን ተከታታይ ሥዕሎች ሠራች፡፡ ስታዲየሙ፣ ባንዲራው፣ የሕዝቡ ጩኸት በአንድ ሸራ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ተመልካቹም የሚያየው ኳስ ጨዋታ ይሁን የጦርነት ቅስቀሳ ግራ ይገባዋል፡፡ በ2005 በአሜሪካ ‹‹የሊቆች ሽልማት›› እየተባለ የሚጠራውን የ500 ሺሕ ዶላር የማክአርተር ሽልማት አገኘች፡፡

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ‹‹ሙራል›› የተሰኘው ሥዕል ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሜትር ያህል ነው፡፡ ያሠራው ጎልድማን ሳክስ የተባለው የኒውዮርክ ባንክ ሲሆን፣ የሥራው ዋጋ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ ካርታዎቹና ቅርጾቹ የንግድንና የገንዘብን ታሪክ የሚጠቅሱ ናቸው፡፡ የገንዘብ ቀውሱ ዓለምን ባናወጠ ማግሥት ለባንክ መሥራቷ ያስወቀሳት ነበር፡፡ ሥዕሉ ግን በመስተዋቱ በኩል ለመንገደኛው ጭምር እንዲታይ ሆኖ ተሰቅሏል፡፡ በዚሁ ጊዜ በርሊን ከተማ ለሚገኘው ዶቼ ጉገንሃይም ‹‹ግሬይ ኤሪያ›› የተሰኙ ተከታታይ ሥዕሎችን ሠራች፡፡ በጦርነት የፈረሱ ከተሞች የተደራረቡባቸው እነዚህ ሥራዎች በ2010 በኒውዮርኩ ጉገንሃይም ታዩ፡፡

ለእኛ የሚቀርበው በ2012 በጀርመኗ ካሰል ከተማ፣ ዶኩሜንታ በተባለው ታላቅ ዐውደ ርዕይ የቀረበው ‹‹ሞጋማ›› ነው፡፡ ሞጋማ የካይሮው ታህሪር አደባባይ ዳር የቆመ፣ የመንግሥት ቢሮ የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ስም ነው፡፡ በአራቱ ሸራዎች ላይ የታህሪር ሕንፃዎች ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ሌሎች አደባባዮች ጋር ተደራርበዋል፤ የእኛው መስቀል አደባባይም ከእነዚህ አንዱ ነው፡፡ ለተለያየ ሥርዓት የተሰለፍንበት፣ ስሙ ሳይቀር የተለዋወጠበት ይህ ሥፍራ በረቂቅ ሥዕል ውስጥ ቦታ አግኝቷል፡፡ አራቱ ክፍሎች ዛሬ በተለያዩ ተቋማት ተይዘዋል፤ ከአራቱ አንዱም ግን በዚያ አደባባይ ከተማ የለም፡፡

ከካርታ ወደ ጭጋግ

ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ካርታውና የሕንፃው ንድፍ እየቀነሰ፣ ሥዕሎቿ እንደ ጭጋግና እንደ ጭስ ሆነዋል፡፡ አሁን መነሻዋ የዜና ፎቶግራፍ ነው፡፡ የተቃጠለ ሕንፃ፣ የፖሊስና የሰልፈኛ ግጭት፣ የስደተኛ መንደር ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር እንዲደበዝዝ ይደረግና የሥዕሉ ወለል ይሆናል፡፡ ተመልካቹ ፎቶግራፉን አያየውም፤ ስሜቱ ግን ከሥር ይደርሰዋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሁለት ግዙፍ ሥዕሎችን አጠናቀቀች፡፡ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ጎን ስላላቸው ስቱዲዮዋ አልበቃም፤ ሐርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው የተሠሩት፡፡ በ2018 የተሠራውና ዛሬ የፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል የያዘው ሥዕል ደግሞ ‹‹ሂኔኒ›› ይባላል፡፡ ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ቁጥር 4 ላይ ሙሴ ከሚነደው ቁጥቋጦ ለጠራው አምላክ የመለሰው ‹‹እነሆኝ›› ነው፡፡ ከሥዕሉ ሥር ያለው ግን የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳትና በምያንማር የነደዱት የሮሂንጋ መንደሮች ናቸው፡፡ እሳት አይቶ ‹‹እነሆኝ›› ማለት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያሻም፡፡

ከሎስ አንጀለስ በ2019 ተነሥቶ፣ በአትላንታና በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም አልፎ በ2022 ሚኒያፖሊስ ላይ የተፈጸመው ተጓዥ ዐውደ ርዕይ የሁለት ዐሥርት ዓመታት ሥራዋን አሳየ፡፡ በ2024 ሥራዎቿ በቬኒሱ ፓላዞ ግራሲ ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ በሥዕሏ የተሸፈነ የቢኤምደብሊው መኪና በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ሮጠ፡፡ ቺካጎ ለሚገኘው የኦባማ ፕሬዚዳንታዊ ማዕከል የሠራችው የመስተዋት ሥዕልም ቁመቱ 25 ሜትር ያህል ነው፡፡ የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል ማስታወሱ አይቀርም፡፡ አፈወርቅ የመንዝ ጎረቤት የሆነችው የአንኮበር ልጅ ነው፡፡

ፍርድ ቤት የደረሰ ውል

ሕግ ለተማረ ሰው ከጁሊ ታሪክ የማይታለፍ አንድ ምዕራፍ አለ፡፡ በኒውዮርክ መጀመሪያ የወከላት ሐርለም ውስጥ የነበረው ዘ ፕሮጀክት የተባለ ጋለሪ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ዣን ፒየር ሌማን የተባለ ሥዕል ሰብሳቢ ለጋለሪው 75 ሺሕ ዶላር ሰጠ፡፡ በምላሹ ጋለሪው ከሚወክላቸው ሠዓሊያን ሥራዎች ቀድሞ የመምረጥ መብትና የ30 በመቶ ቅናሽ ይሰጠው ዘንድ ተዋዋሉ፡፡ ብዙም ሳይቆይ የጁሊ ሥዕሎች ፈላጊያቸው በዛ፤ ጋለሪውም ለሌሎች ሸጠ፡፡ ሰብሳቢው ክስ መሠረተ፡፡ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ2005 ውሉ ተጥሷል ብሎ ወሰነ፤ ካሳውም 1.73 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፡፡

ሠዓሊዋ የክሱ ተከራካሪ ወገን አልነበረችም፡፡ የተከራከሩት ግን በእጇ ሥራ ላይ ነው፡፡ የእኛም ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል፡፡ ሥዕላቸውን በቃል ብቻ ለጋለሪ፣ ለሆቴል ወይም ለወዳጅ አስረክበው የሚሄዱ የአገራችን ሠዓሊያን ከዚህ ጉዳይ የሚማሩት አለ፡፡ ወካያቸው በስማቸው ከማን ጋር ምን እንደተዋዋለ መጠየቅ መብታቸው ብቻ ሳይሆን የእንጀራቸው ጉዳይ ነው፡፡

የጨረታውም ነገር ከዚሁ ይያያዛል፡፡ በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) በሆንግ ኮንግ አንድ ሥዕሏ 9.32 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፡፡ በቀጣዩ ወር ኒውዮርክ ላይ በ2008 የሠራችው ሌላ ሥዕል 10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በወቅቱ በአፍሪካ ለተወለደ ሠዓሊ በጨረታ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር፡፡ ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው ‹‹ጁሊ ዐሥር ሚሊዮን አገኘች›› ብሏል፡፡ እውነቱ ሌላ ነው፡፡ በጨረታ የሚሸጠው ቀድሞ የተገዛ ሥዕል ነው፤ ገንዘቡም የሻጩና የአጫራቹ ነው፡፡ በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሥዕሉ በድጋሚ በተሸጠ ቁጥር ለሠዓሊው መቶኛ የሚያስገኝ መብት በሕግ ተደንግጓል፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም፡፡ እንግዲህ እኛ የምንኮራበት ቁጥር የሠዓሊዋ ገቢ ሳይሆን የገበያው ነው፡፡

ማስረጃው የት አለ?

አገር ውስጥ መቅረት ብቻውን መልስ አይሆንም፡፡ ሊባኖሳዊቷ ሳልዋ ራውዳ ሹኬር እ.ኤ.አ. በ1916 ቤይሩት ተወልዳ፣ በ1947 ረቂቅ ሥዕሎቿን በዚያችው ከተማ አሳየች፡፡ ፓሪስ ተምራ ተመልሳም የእርስ በርስ ጦርነቱን ሳይቀር በአገሯ አሳለፈች፡፡ አንዱ ሥዕሏ ቦምብ በሰባበረው መስተዋት ተበሳስቶ ይታያል፡፡ ለዐሥርት ዓመታት ሥራዋ ቤቷን ሞልቶ ገዢ ሳያገኝ ተቀመጠ፡፡ የለንደኑ ቴት ሞደርን በ2013 ታላቅ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅላት ዕድሜዋ ከዘጠና ዐምስት አልፎ ነበር፡፡ አገሯ ውስጥ የኖረችውንም፣ የተሰደደችውንም ቀድሞ አይቶ ያከበረ የሌላ አገር ሙዚየም መሆኑ የሁለቱ ሴቶች የጋራ ታሪክ ነው፡፡

ጁሊ በበኩሏ ፊቷን አላዞረችብንም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሥራዎቿን አቅርባለች፡፡ በስደት የሞተው ሠዓሊ ስም በተሰየመበት ቤት በስደት ያደገችው ሠዓሊ ተገኝታለች ማለት ነው፡፡ ከፊልም ባለሙያዋ ምህረት ማንደፍሮ ጋር ሆና በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች ለወጣት የፊልምና የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች የሥልጠና መርሐ ግብር አቋቁማለች፡፡ በ2024 ደግሞ 25 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ወጣቶች የዊትኒን ሙዚየም በነጻ እንዲጎበኙ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታለች፡፡

ሥዕሏን በነጻ የሚያየው የኒውዮርክ ወጣት ነው፡፡ የራቤል ተማሪስ? ኦሪጅናሉ ይቅርና የሥዕሏን ጥሩ ሕትመት የሚያይበት ቤተ መጻሕፍት ማግኘት ለእርሱ ቀላል አይደለም፡፡ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን መምህርም ቀለምም የሌለው፣ የሒሳብ ማካካሻ የሚያዝበት ሰዓት ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ሥነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፡፡ ‹‹አቅም በፈቀደ መጠን›› የምትለው ሐረግ ለበጀት ክርክር ሰፊ በር ትከፍታለች፤ ግዴታውን ግን አትሽረውም፡፡ ለአንድ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሃያ የሥዕል መጻሕፍት መግዛት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ቀለምና ወረቀት ማሟላት፣ ተጓዥ የሥዕል ሕትመቶችን በየወረዳው ማዞር አቅም የሚያንስበት ጉዳይ አይመስለኝም፡፡

ሹማምንቱን ብቻ መውቀስም አይገባም፡፡ ሠርግ አዳራሽ ለማስጌጥ ብዙ ሺሕ ብር የሚከፍል ባለሀብት የአንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራ በውል ገዝቶ ለከተማው ትምህርት ቤት ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል? ከአገር የወጡ ልጆቻችን ሲከብሩ ስማቸውን ለመጥራት የምንፈጥነውን ያህል፣ ዛሬ በየቀበሌው ግድግዳ በከሰል ለምትጭር ልጅ እርሳስ ለመግዛት ብንፈጥን ክርክሩ ያጥር ነበር፡፡

በፍርድ ቤት ‹‹የእኔ ነው›› ያለ ሁሉ አይፈረድለትም፤ ያለማ፣ የጠበቀና የተንከባከበ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ አያጣም፡፡ ጁሊ ምህረቱን በትውልድ የእኛ ያደረጋት ሕግ ነበረ፡፡ በሥራዋ የእኛ የምናደርጋት ሥዕሏን የሚያውቁ፣ የሚከራከሩበት፣ ከእርሷም የሚማሩ ልጆች ስናፈራ ነው፡፡